ስንደዶን በግቢ ማልማት

ስንደዶ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በግጦሽ መሬት፣ በእርሻ ድንበርና በመንገድ ዳር የሚበቅል ቋሚ ሣር ነው፤ ቋሚ የሚባለውም በየዓመቱ ዘር ሳይጠይቅ ከቀደመው ሥሩ እያቆጠቆጠ ለብዙ ዓመታት ስለሚኖር ነው። አብዛኛው የከተማ ሰው ግን የሚያውቀው በሜዳ ቆሞ ሳይሆን ደርቆ፣ በቀለም ተነክሮና በወስፌ ተሰፍቶ መሶብ፣ ሙዳይ ወይም ሰፌድ ከሆነ በኋላ ነው። ስንደዶ ሲለቀም፣ ሲቀለምና ሲሰፋ እንጂ ሲተከል የማይሰማ ሣር ሆኖ የቆየው ክረምት በወጣ ቁጥር ሜዳው ራሱ ስለሚያበቅለው፣ ለመትከል መድከም ትርጉም ስላልነበረው ነው። የግጦሽ መሬቱ ወደ እርሻና ወደ መንደር በተለወጠበት፣ የከተማውም ግቢ በሲሚንቶና ከውጭ በመጣ የመስክ ሣር በተሸፈነበት በዚህ ዘመን ያ ምክንያት አይሠራም፤ በተጨማሪም ስንደዶ ከስፌት ዕቃነቱ ውጭ በራሱ ግርማ ያለው የጌጥ ተክል መሆኑን ማስተዋል ጠቃሚ ነው።

ስለ አተካከሉ ከመናገር በፊት ሣር የሚለው ቃል ምን እንደሚያቅፍ መለየት ያስፈልጋል። በዕለት ንግግር ሣር የሚባለው ቀጭንና አረንጓዴ ሆኖ መሬት የሚሸፍን ሁሉ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሣር የሚሉት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና ሸምበቆ የሚገኙበትን፣ በዓለም ላይ ከ11,000 በላይ ዝርያዎች ያሉትን አንድ ትልቅ ቤተሰብ ብቻ ነው። የዚህ ቤተሰብ መለያ ብዙውን ጊዜ ክብ የሆነ፣ አንጓ ያለውና በአንጓዎቹ መካከል ባዶ ሊሆን የሚችል አገዳ ነው። በዚህ መለኪያ በቡና ሥርዓት ላይ የሚጎዘጎዘው ቀጤማና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ ሣር ተብለው ቢጠሩም በእርግጥ ሣር አይደሉም፤ አገዳቸው በጣት ሲሽከረከር ሦስት ማዕዘን ያለው፣ አንጓ የሌለውና ውስጡ የተሞላ ስለሆነ ከሣር ቤተሰብ ጎን ወደሚቆም ሌላ ቤተሰብ ይመደባሉ። ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም፤ ቀጤማ ረግረግ የሚፈልግ የውኃ ዳር ተክል ሲሆን፣ ስንደዶ ግን ክረምቱን ጠጥቶ በጋውን በድርቀት የሚያሳልፍ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ መደብ ላይ ማብቀል አይቻልም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በዝርዝር የተመዘገቡበት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተዘጋጀው ባለ ብዙ ቅጽ መዝገብ ሰባተኛውን ቅጹን ሙሉ በሙሉ ለሣር ቤተሰብ ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል፤ የሣሩን ቤተሰብ ያጠናችው ሲልቪያ ፊሊፕስ ነበረች። ስንደዶ የሚለው ስም እንደየአካባቢው ለተቀራረቡ ዝርያዎች ይሰጣል፤ በይበልጥ ግን የሚያመለክተው በሳይንስ ፔኒሴተም ስፋሴላተም ተብሎ የተሰየመውን፣ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በከፍታ ቦታዎች የሚገኘውን ሣር ነው። ፔኒሴተም የሚለው የላቲን ቃል ላባንና ሻካራ ፀጉርን አጣምሮ የሚጠራ ሲሆን፣ የወገኑን ዋና ምልክት በትክክል ይገልጻል፤ በዛላው ላይ ያለችው እያንዳንዷ ትንሽ አበባ በቀጫጭን ፀጉሮች ተከብባ ስለምትቆም፣ ዛላው ጠዋትና ማታ የፀሐይ ብርሃን ከበስተኋላው ሲመታው ዙሪያውን በብርሃን የተከበበ ይመስላል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የዚህን ወገን ዝርያዎች ሴንክረስ ወደተባለው ተዛማጅ ወገን እንዲጠቃለሉ ስላደረጉ፣ ዛሬ በመጻሕፍትና በችግኝ ሻጮች ዘንድ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ለከብት መኖ የሚተከለው የዝሆን ሣር የስንደዶ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በብዙ አገሮች የስፖርት ሜዳ የሚለብሰው የኪኩዩ ሣርም ከምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች የወጣ የዚሁ ወገን ተክል ነው። ከሁሉም ይልቅ ግን የስንደዶን የጌጥነት ተስፋ የሚያሳየው ሌላ ዘመዱ፣ ነጭና ለስላሳ ላባ የመሰለ ዛላ ያለው ፔኒሴተም ቪሎሰም ነው። ይህ ሣር በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በአካባቢያቸው በተፈጥሮ የሚበቅል ሲሆን፣ በሳይንስ ሥርዓት ተገልጾ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሬዜኒየስ ባወጣው ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ የአትክልት ቦታዎች ገብቶ ዛሬ በእንግሊዝ የሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የአትክልት ብቃት ሽልማት ካገኙት ተክሎች አንዱ ሆኗል። ሣርን ለጌጥ መትከል በአውሮፓ ሥር የሰደደው በ20ኛው መቶ ዘመን፣ በይበልጥም እንደ ጀርመናዊው ካርል ፎርስተር ባሉ ችግኝ አልሚዎች ጥረት ሲሆን፣ ሆላንዳዊው ፒት አውዶልፍ ተክሎቹን የመረጠለት፣ በአሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የኒው ዮርኩ ሃይ ላይን መናፈሻ ሣሮችን ከአበቦች እኩል አድርጎ ለብዙ ሕዝብ አሳይቷል። በሩቅ አገር ጎብኚ ቆሞ የሚያደንቀው ዓይነት ሣር በአገሩ ላይ ለከብት ብቻ መተዉ የሚያስቆጭ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው፤ ከአገሩ የወጣ ሣር የሚበላው ከብት፣ የሚገታው በሽታና የሚፎካከረው ጎረቤት ስለማይከተለው፣ በሄደበት ሁሉ ትሑት ጌጥ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። ከሰሜንና ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ በተፈጥሮ የሚገኘው፣ ሐምራዊ ዛላ ያለው ፔኒሴተም ሴታሲየም ለጌጥ ተብሎ ወደ ሃዋይና ወደ አሪዞና ከተወሰደ በኋላ ከአጥር ወጥቶ ሜዳውን ወርሯል፤ ደረቅ ቅጠሉ እሳት ስለሚያቀጣጥልና ራሱ ከቃጠሎ በኋላ ከሥሩ ፈጥኖ ስለሚያገግም፣ እሳትን ያልለመዱትን የአገሬውን ተክሎች እያስወጣ ቦታቸውን ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንን ሣር ከወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላስገባው በአባል አገሮቹ መሸጥም ማልማትም የተከለከለ ነው፤ በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ሣር በግቢያቸው ለማየት ሲመኙ ይህንን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ኢትዮጵያም የዚህን ነገር ግልባጭ በጣና ሐይቅ ላይ ቀምሳለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መስፋፋቱ የታወቀው እምቦጭ በመነሻው የደቡብ አሜሪካ የውኃ ተክል ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በይበልጥ ሰዎች ሐምራዊ አበባውን ለኩሬ ጌጥነት ስለወደዱት ነው። የአገር ተክልን ለጌጥ መምረጥ ከስሜት ያለፈ ምክንያት የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስንደዶ ከግቢ ቢያመልጥ የሚደርሰው ቀድሞም ወደነበረበት ሜዳ ነው።

ስንደዶን በሚገባ ለመንከባከብ መነሻው ሣር እንዴት እንደሚያድግ መረዳት ነው። አብዛኞቹ ዛፎችና አበቦች የሚያድጉት ከጫፋቸው ስለሆነ ጫፋቸው ሲቆረጥ ቅርንጫፉ ይቆማል፤ የሣር የእድገት ነጥብ ግን በሥሩ አንገት ላይ፣ ለመሬት ቀርቦ፣ በቅጠሎቹ ታቅፎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከብት ቢግጠው ወይም ማጭድ ቢያርፍበት የሚያጣው ያደገውን እንጂ ማደጊያውን አይደለም። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ አንጓ ከበላዩ ለስላሳ የእድገት ቀለበት ስላለው፣ አገዳው ወደ ላይ ሲሳብ ቅጠሉ ካቀፈበት ሰገባ ውስጥ በዚያ ለስላሳ ቦታ ተበጥሶ ንጹሕና ረጅም ሆኖ ይመዘዛል። የስፌት እናቶች በእጃቸው የሚያውቁትና የዕፅዋት ሊቅ በማጉያ መነጽር የሚያየው ነገር አንድ ነው፤ በደንብ የተመዘዘ አገዳ ተክሉን ከሥሩ አይነቅለውም።

ሣሩ የሚሰፋው ግንጣይ በማብዛት ነው። ግንጣይ ማለት ከእናት ተክል አንገት ጎን የሚወጣ፣ የራሱን ቅጠልና ሥር የሚያበጅ አዲስ ቡቃያ ሲሆን፣ ስንደዶ በየክረምቱ እነዚህን እየጨመረ በክብ የሚቆም ቁጥቋጦ ይሠራል። ለተከላም ከዘር ይልቅ ግንጣይ ይመረጣል፤ ግንጣይ ከእናቱ ጋር በመልክም በቁመትም አንድ ስለሚሆን፣ ያማረው ቁጥቋጦ ተለይቶ በእርግጠኝነት ሊባዛ ይችላል። ይህም ከሜዳ ሲወሰድ በባለቤቱ ወይም በአካባቢው ሕዝብ ፈቃድ፣ ከብዙ ቁጥቋጦዎች መካከል ከአንዱ ጎን ብቻ ተቆርሶ መሆን አለበት፤ ሜዳን አራቁቶ ግቢን ማስጌጥ የሥራውን ዓላማ ያፈርሳል።

ለከፍተኛው አገር የተከላው ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ ነገር ግን አዲሱ ሥር መሬት ለመያዝ ገና ሁለት ወር ያህል ዝናብ ሲቀረው ማለት ነው። ቁጥቋጦው በዶማ ዙሪያው ተቆፍሮ ከተነሣ በኋላ በስለታም አካፋ ወይም በመጥረቢያ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ5 እስከ 10 የሚደርሱ ግንጣዮችና ጤናማ ሥር ሊኖረው ይገባል። ቅጠሉ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሥሩም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ይበጃል፤ ሥሩ የተቆረጠ ተክል ረጅም ቅጠሉን የሚያጠጣበት አቅም ስለሌለው ቅጠሉ እንዳለ ከተተወ ይደርቃል። ከዚያም አንገቱ ከመሬት ጋር እኩል እንዲሆን አድርጎ መትከልና ዙሪያውን በእግር ጠበቅ ማድረግ ነው፤ አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለም ሥሩ በፀሐይ ይጋለጣል። በተክሎቹ መካከል ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቢተው በሁለተኛው ዓመት ቅጠሎቻቸው ይነካካሉ።

አፈሩን በተመለከተ ስንደዶ ብዙ አይመርጥም፤ ችግር የሚያመጣው የውኃ መቋጠር ነው። በቀይ አፈር ላይ ያለ ልዩ ዝግጅት ይበቅላል። በክረምት ውኃ ቋጥሮ በበጋ በሚሰነጠቀው ጥቁር መረሬ ላይ ግን መደቡን በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ የተፈረካከሰ ድንጋይና ብስባሽ መቀላቀል ያስፈልጋል። ማዳበሪያን በብዛት መስጠት ከሁሉም የተለመደው ስሕተት ነው፤ በድሃ አፈር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሣር ናይትሮጅን ሲበዛለት ቅጠሉ ለስልሶና ረዝሞ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይጋደማል፣ ዛላውም ያንሳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምት መግቢያ፣ በሥሩ ዙሪያ የሚበተን እፍኝ ብስባሽ ከበቂ በላይ ነው።

ብርሃን ግን ሊነፈገው አይገባም። ሣሮች ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን በሚሠሩበት ስልት በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ስንደዶ፣ ጤፍና ማሽላ የሚገኙበት ወገን በጠንካራ ብርሃንና በሙቀት ጊዜ ውኃን እየቆጠበ ማደግ የሚችል ሲሆን፣ ስንዴና ገብስ የሚገኙበት ሌላው ወገን ቀዝቃዛ አየርን ይመርጣል። ስለዚህ ስንደዶ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ መተከል አለበት፤ በግድግዳ ወይም በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቢተከል ቢድንም እንኳ ቀጥኖና ዘሞ ዛላ ሳያወጣ ይቀራል። የትኛው ሣር ለየትኛው ከፍታ እንደሚስማማም ከዚሁ ልዩነት ይገመታል፤ በሰሜን ሸዋ መንዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ሣር የቀዝቃዛው ወገን ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሕግ፣ አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ እያሳረፈ ያቆየው ይህ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚውል ውብ ሣር ነው፤ ሆኖም ቦታው ደጋው ነው፣ ወደ ሞቃት ከተማ አምጥቶ መትከል ትርፉ ድካም ነው።

የመጀመሪያው በጋ የተክሉ ፈተና ነው። ክረምት በመስከረም ሲወጣ አዲሱ ሥር ገና ጥልቀት ስለማይኖረው እስከ ጥር ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ውኃው እስከ ሥሩ ጫፍ እንዲወርድ አድርጎ በጥልቅ ማጠጣት ያሻል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ዙሪያውን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ መሸፈን እርጥበቱን ይይዛል፤ ጉዝጓዙ ግን አንገቱን መንካት የለበትም። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ስንደዶ የበልግ ጠብታና የክረምት ዝናብ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ውኃና ማጨጃ ከሚጠይቀው የመስክ ሣር ጋር ሲነጻጸር ይህ በውኃ ለተቸገረ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። በበጋ መገርጣቱ ሞት ሳይሆን ዕረፍት ነው፤ ብዙ ሰው ይህንን ባለመገንዘብ በመጋቢት ነቅሎ ይጥለዋል፣ ያን ጊዜ ሥሩ በሕይወት አለ።

ዋናው የዓመቱ ሥራ በግንቦት የሚደረገው ማጨድ ነው። ያለፈው ዓመት ደረቅ ቅጠል ካልተወገደ አዲሱ ቡቃያ ብርሃን አጥቶ መሀሉ ይሞታል፤ ስለዚህ ቁጥቋጦው በገመድ ከታሰረ በኋላ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትቶ በማጭድ መቁረጥ ተገቢ ነው። ከዚያ ዝቅ ማድረግ በአንገቱ ላይ ያለውን የእድገት ነጥብ ሊጎዳ ይችላል። ቶሎ፣ ለምሳሌ በኅዳር፣ ማጨድም አይመከርም፤ ደረቁ ቅጠል በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጊዜ አንገቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፣ ለዓይንም በበጋው ሙሉ ወርቃማ መልኩ ያምራል። ደረቅ ሣር ግን እሳት ስለሚስብ ከማድቤት፣ ከከሰል ማንደጃና ከደመራ ቦታ ርቆ መተከል ይኖርበታል። በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ የቁጥቋጦው መሀል እየሳሳ ሲሄድ በተከላው ወቅት አንሥቶ መክፈል፣ የሞተውን መሀል ጥሎ የዳሩን ወጣት ግንጣይ መትከል ያድሰዋል።

ከባድ ተባይና በሽታ እምብዛም አይገጥመውም፤ የሚጎዳው ይበልጥ ያልታጠረ ግቢ የሚገባ ፍየልና በመጀመሪያው ዓመት የሚሻማው ሰርዶ ነው። ሰርዶ በምድር ውስጥና በላይ ስለሚሳብ ወደ ቁጥቋጦው መሀል ከገባ በኋላ ሣሩን ሳያነሡ ማጽዳት አይቻልምና መደቡ ከተከላው በፊት በጥንቃቄ መታረም አለበት። ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም አንድ ቁጥቋጦ በሰገነቱ ላይ ሊያቆም ይችላል፤ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ሥሩ የተበሳ ሸክላ ወይም ባልዲ ይበቃዋል፣ ነገር ግን በዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ፈጥኖ ስለሚደርቅ በበጋ በየሦስትና በየአራት ቀን ውኃ ይፈልጋል።

ስንደዶ ለብቻው ሳይሆን ከባልንጀሮቹ ጋር ሲቆም ይበልጥ ያምራል። ከአደይ አበባ ጋር ተቀላቅሎ ሲተከል ሁለቱም ከክረምት መውጫ ጋር ስለሚደርሱ ቢጫው አበባና ወደ ሐምራዊ ያዘነበለው ዛላ በአንድ ወር ይገናኛሉ፤ ከፊቱ ደግሞ አክርማን ማስቀመጥ ይቻላል። አክርማ ከዳጉሳ ጋር የአንድ ወገን የሆነ፣ ቁመቱ አጠር ያለና ቅጠሉ ጠንካራ ሣር ሲሆን፣ በስፌት ሙያም ከስንደዶ ጋር የማይነጠል ጥንድ ነው። አንድ መደብ ሁለቱን ይዞ ሲገኝ ሙያውን ለምታውቅ ሴት መሶብ ገና ሳይሰፋ ቆሞ እንደሚታያት አያጠራጥርም።

ለስፌት የሚፈለገው አገዳ የሚመዘዘው ዛላው ወጥቶ ሳያረጅ፣ አገዳው ገና እየተጣጠፈ ሳይሰበር በሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ከተመዘዘም በኋላ በጥላ ሥር በጭብጥ በጭብጥ ታስሮ ይደርቃል፣ ከደረቀም በኋላ በቀለም ውኃ ሲነከር አለላ የሚባለው ኅብር ስንደዶ ይሆናል። ሁሉም አገዳ ግን መመዘዝ የለበትም። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ግማሽ ያህሉ ዛላ ቢተው ዘር በሊታ ወፎች ይቀለቡበታል፤ የቀረው ዘር በኅዳር በእጅ ሲታሸት በፀጉሩ ተጠቅልሎ ይራገፋል። ትኩስ የዱር ሣር ዘር ብዙውን ጊዜ ወዲያው ስለማይበቅል በወረቀት ከረጢት ተደርጎ በደረቅ ቦታ እስከ ሰኔ ይቀመጣል፤ ከዚያም በለሰለሰ መደብ ላይ ተበትኖ፣ በጣት ውፍረት እንኳ ሳይሸፈን፣ በስሱ አፈር ብቻ ይለበሳል።